ሕፃኗ እስክትሸና ድረስ

የተቅማጡን ዱቄት ከበጠበጥኩ በኋላ፣ ለሕፃን ከመስጠቴ በፊት በማንኪያ ጫፍ ወደ ምላሴ ማድረስ ልማዴ ነው። ጨውነቱ ከእንባ ከበለጠ አይሰጥም፤ ስሠለጥን እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩኝ። ትናንትም ልጅሽን ጭኔ ላይ አስተኝቼ እንደ ልማዴ ቀመስኩት። ያ ጨው ጨው፣ ደግሞ ጣፈጥ ጣፈጥ የሚል ነገር አፌ ውስጥ ሲገባ እዚህ ሲሚንቶ ቤት ውስጥ መሆኔን ረሳሁት። እርጥብ ሱፍ ሸተተኝ። ዝናብ በጓሳ ሣር ክዳን ላይ ሲወርድ የሚያሰማው፣ ከቆርቆሮው የተለየ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማኝ።

አንቺ ከጀርባዬ ቆመሽ «እትዬ፣ ስንት ማንኪያ ነው? ለምን ያስመልሰዋል? ኧረ መልሽልኝ» ትዪኝ ነበር። አልመለስኩልሽም። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዞር አልኩብሽ። ተቀይመሽ ጥግ ይዘሽ ተቀመጥሽ፤ ማታ እራት ላይም ፊትሽ አልተፈታም ነበር። እውነትሽን ነው። እኔ ዝም ስል የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ዛሬ ልጁ ተነሥቶ ድመቷን ማባረር ስለጀመረ ምክንያቴን ልንገርሽ፤ ያኔ አንቺ ፊደል ቆጣሪ ስለነበርሽ አታውቂውም።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኜ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ተብዬ ከሞላሌ ወጣሁ። ራቤል ድረስ በአይሱዙ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፤ ከዚያ ወንዙን ተሻግሬ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ የተመደብኩበት ቀበሌ ደረስኩ። ጤና ኬላው አንድ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ። በሩ ላይ ጥላ የምታህል ወረቀት ተለጥፋ ነበር፤ የዝንብ ሥዕል አለባት። ከዚያች ዝንብ ጋር ሆነን ሕዝቡን ልናድን ነው እንግዲህ።

አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ «ይቺ ልጅ ከእናቷ ሆድ የወጣችው በምላሷ ነው» ይሉኝ ነበር። ሥራው ደግሞ ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ፤ ደመወዝ ተከፍሎኝ ማውራት። ከቤት ቤት እየዞርኩ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ክትባት ስለፈልፍ እውላለሁ። ውሻ ሲጮህ እንኳ ከውሻው በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስተምራለሁ። ሰዉ ጨዋ ነው። ቁጭ በይ ይለኛል፣ ጠላ ይቀዳልኛል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ እኔ ስወጣ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል።

በተለይ ያንገበግበኝ የነበረው ዱቄቱ ነው። ሕይወት አድን የሚባለው፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ የሚበጠበጠው። በየቤቱ እያደልኩ፣ «ይኸ ጨው ነው፣ ይኸ ስኳር ነው፣ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ አቀዝቅዛችሁ…» እያልኩ ምንም ሳልደብቅ እነግራለሁ። ከወር በኋላ ስመለስ ፓኬቱ ሳይከፈት ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ አገኘዋለሁ። አንዳንዱን ልጆች ልሰውታል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት አዘኑልኝና ነገሩን አስረዱኝ።

«ልጄ፣ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በየቤቱ ታወሪው ነበር?»

ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን ከእሳቸው ይልቅ እኔ ነበርኩ ያልገባኝ። በዚያ አገር የተነገረ መድኃኒት ከሽፏል። ስሙ ከተጠራ፣ ምን እንደሆነ ከታወቀ፣ ኃይሉ ወጥቶ ሄዷል። አዋቂ የሚባለው ያወቀውን በሆዱ የሚይዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ያወቅሁትን በጩኸት የምበትን፣ ያውም ገና ጡቴ በቅጡ ያላጎጠጎጠ ልጃገረድ ነበርኩ።

በቀበሌው አዋቂው የኔታ ነበሩ። ደብሩ ውስጥ ለዲያቆናት ዜማ ያስተምራሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜያቸው የቅጠል ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ጎንበስ የሚሉ፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ነጭ የሆነ ሰው ናቸው። በዚያ ጭቃ አገር ጋቢያቸውን እንዴት አድርገው እንደዚያ እንደሚያነጡት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የተዋወቅነው በጥፋቴ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ ባደረገበት አንድ ማለዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሲቆርጡ አየኋቸው። ከሩቅ ሆኜ «እንደምን አደሩ የኔታ፤ ሽንት ቤትዎን ቆፈሩ ወይ?» አልኩ፤ ድምፄ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉና የያዙትን ቅጠል መሬት ላይ ጣሉት። አንዲት ቃል ሳይመልሱልኝ መንገዳቸውን ይዘው ሄዱ።

ኮርተው ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ጤና ኬላው ድረስ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ጠዋት ሳልመልስልሽ ቀረሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው ያደርኩ። ሽንት ቤቱንም እቆፍራለሁ።»

ተቀመጡና ነገሩኝ። ቅጠል የሚቆረጠው ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳያየው፣ ቆራጩ ከሰው ሳይነጋገር ነው። ሥሩ ላይ አንድ ፍሬ ገብስ ይቀመጥለታል። ወንዝ ከተሻገረ ኃይሉ ይቀራል። ሰው ካናገረሽ ደግሞ የቆረጥሽው ቅጠል ሣር ነው፤ ለበግ ነው የሚሆን።

«የኔታ፣ ቅጠሉ ጆሮ አለው እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ጆሮስ የለውም። ነፍስ ግን አለው። በሰውም ውስጥ ነፍስ አለች። ጣትሽን ማጭድ ቢቆርጥሽ ቁስሉን ማን ነው የሚገጥመው? እኔ ነኝ? አንቺ ነሽ? እሷ ናት። ሐኪሟ እሷ ናት፤ እኛ ደጅ ጠኚዎቿ ነን። ቅጠሉ ከእሷ ጋር ይነጋገራል፣ ነፍስ ከነፍስ። ሰው መሀል ገብቶ ሲለፈልፍ ይደናገራሉ።»

እኔ ላሸንፍ ተነሣሁ። ጀርም እንዴት እንደሚሄድ፣ ዝንቧ ከየት ተነሥታ የት እንደምታርፍ በወረቀቷ ላይ እያሳየሁ ለፈለፍኩ። እስክጨርስ ጠብቀው ሥዕሉን ተጠግተው አዩት።

«ዝንቧን አምኛለሁ» አሉ፤ ዱላቸውን አነሡና ሄዱ። የዚያን ሳምንት ሽንት ቤታቸው ተቆፈረ። ሕዝቡ ግን አሁንም የእሳቸውን ቅጠል እንጂ የእኔን ዱቄት አልፈለገም።

እንዲህ እያለ ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ሲዘንብ ዋለ፤ ወንዙ ሞልቶ ከራቤል ቆረጠን። አንድ ጠዋት ጎረቤት መጥታ የዳገት ላይዋ ሴት ሕፃን ተቅማጥ ይዟት እንደ ወደቀች ነገረችኝ። ሴትየዋን አውቃታለሁ። ሁለት ሕፃናት ቀብራለች። ይቺ ሦስተኛዋ ናት፤ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣ ባለፈው ስታየኝ ጣቴን ይዛ አልለቅም ያለች ልጅ ናት። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ጭቃውን እየተንሸራተትኩ ወጣሁ።

ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ የእሳቱ ጭስ ከእርጥብ ሱፍ ጋር ተቀላቅሎ ዓይን ያቃጥላል። እናትየዋ የሱፍ ባና ተከናንባ ልጇን ታቅፋለች። አማቷ፣ የሕፃኗ አያት፣ ከምድጃው ወዲያ ተቀምጠዋል። የኔታ በሩ አጠገብ መደብ ላይ ናቸው፤ ከማለዳ ጀምረው ነው የመጡት። ሕፃኗን ተጠግቼ አየኋት። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ምላሷ ደርቋል። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደ ተቆነጠጠ ቀረ። አፏን ከፍታ አለቀሰች፤ እንባ ግን የለም።

«ውሃ መቼ ጠጣች?» አልኩ።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከልክለናታል» አሉ አያትየዋ። «ካልተቀዳ ምን ይፈሳል?»

ክፋት እንዳይመስልሽ። ልጅቱን ከእኔ የበለጠ የሚወዷት እሳቸው ናቸው። የሚያፈስ እንስራ ውሃ አይሞላበትም ብለው ያሰቡ ምስኪን ሴት ናቸው። እኔ ግን ያኔ ትዕግሥት አልነበረኝም። ልጅቱ የምትሞተው በውሃ ጥም ነው፣ ራቤል ጤና ጣቢያ ሄዳ በደም ሥሯ ግሉኮስ ሊሰጣት ይገባ ነበር፣ ወንዙ ባይሞላ ኖሮ፣ ብነግራችሁ ብነግራችሁ አልሰማ ብላችሁ… እያልኩ ስንበለበል አያትየዋ እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ልጃችን እየሞተች ነው። አትለፍልፊብን።»

ዞር ስል በሚያዝያ የሰጠሁት ፓኬት ከምሰሶው በላይ፣ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ ሳይከፈት ተሰክቶ ጥላሸት ጠጥቶ አየሁት። ከዚያ በላይ የተሸነፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የኔታ ተነሥተው በዓይናቸው ወደ ውጭ ጠሩኝ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምን፤ ጠፈጠፉ በመካከላችን ይንጠባጠባል።

«ቅጠሌን አልተቀበለችውም» አሉ ዝግ ብለው። «ሁለት ጊዜ ሰጠኋት፣ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ነፍሷ ደርቃለች። የደረቀች ነፍስ ቅጠል አትሰማም።» ትንሽ አሰቡና «ያንቺ ዱቄት እርጥበት ነው?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ፣ በውስጡ ሶዲየም…»

«አትንገሪኝ» አሉ፤ መዳፋቸውን አፌ ፊት ዘረጉ። «ብትነግሪኝ ለእኔም ይሞትብኛል። ስሚኝ። እነሱ ለተነገረ መድኃኒት ልጃቸውን አይሰጡም። በሕግ ከሆነ ግን ይሰጣሉ። ሕጉን እኔ አስገባልሻለሁ። ከጀመርሽ ጊዜ አንሥቶ ሕፃኗ እስክትሸና ድረስ አንዲት ቃል ካፍሽ አይወጣም። ከወጣ ከሽፏል። እናትየዋ ማንኪያውን ትነጥቅሻለች፣ እኔም አላስጥልሽም። ትችያለሽ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ቀላል ነው ይላል። እኔን አስቢኝ። በሕልሜ እንኳ የማወራ ልጅ ነኝ። የዚያች ሕፃን ነፍስ በየትኛውም ነገር ላይ ብትንጠለጠል እሺ፤ በእኔ ምላስ ላይ ተንጠለጠለች። አንገቴን ነቀነቅሁ። የኔታ ገቡና ለሁለቱ ሴቶች ሕጉን ነገሯቸው፤ አያትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት ቀና ብለው አዩኝ።

ፓኬቱን ከግድግዳው መዝዤ ጥላሸቱን ጠረግሁት። አያትየዋ ከእንስራው ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ያልፈላ ነው፤ ልናገር አልችልም። ጣሳውን ይዤ እሳቱን አመለከትኩ። «እሳት ይፈልጋል» አሉ በሹክሹክታ፤ ፈጥነው ጣዱት። እስኪፈላ ከቦርሳዬ ሳሙና አውጥቼ እጄን ታጠብኩ። ለእናትየዋ እጇን ይዤ አጠብኩላት። አያትየዋ ሳይጠየቁ እጃቸውን ዘረጉ። ስለ ሳሙና አሥር ወር የተናገርኩት ለንፋስ ነበር፤ ያን ጠዋት አፌን ዘግቼ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቤቱ ሙሉ ታጠበ። ሳቄ መጣ፤ ሳቅ ቃል ይሁን አይሁን ስላልጠየቅሁ እሱንም ዋጥኩት።

ውሃው ሲበርድ ለካሁ፣ በጠበጥኩ፣ ቀመስኩ። እንባ እንባ ይላል። የመጀመሪያውን ማንኪያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከከንፈሯ አስጠጋሁት።

አሥረኛው ማንኪያ ላይ አስመለሰችው። ሁሉንም። እናትየዋ ጮኸችና ልጇን ከእኔ አራቀች። ይኸ ያለ ነው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተን በዝግታ እንጀምራለን፤ ማለት የነበረብኝ ይኸን ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ዓይኗ ይለምነኛል። «ንገሪኝ፤ ደኅና ነው በይኝ» አለችኝ ደግማ ደጋግማ። ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት፣ ደም ደም አለኝ። አያትየዋ ደግሞ ከምድጃው ወዲያ ጀመሩ።

«ዓመት ሙሉ አፏ አልተዘጋ። ዛሬ የሚያስፈልገን ጊዜ ዝም። ባታውቅ ነዋ።»

የኔታ ዳዊታቸውን ከመድገም አላቋረጡም፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ነገር አጣሁና የእናትየዋን እጅ ያዝኩ። ማንኪያውን መዳፏ ላይ አስቀምጬ ጣቶቿን ከላዩ አጠፍኳቸው። እጇን በእጄ ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ዝናቡ ጋብ እስኪል፣ የሕፃኗ ትንፋሽ እስኪረጋ። ከዚያ እጇን ወደ ጣሳው መራሁት። እሷ ቀዳች፣ እሷ አጠጣች። አንድ ማንኪያ፤ ትንሽ ቆይታ፤ አንድ ማንኪያ። ከዚያ በኋላ እጄን ለቀቅሁ፤ እሷ ግን አላቆመችም።

ሳላወራ ስቀመጥ ማየት ጀመርኩ፤ ይኸን ነው ልነግርሽ የምፈልገው። ከዚያ በፊት ሕፃን ታምሞ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን እያወራሁ ነው የማየው፣ ግማሽ ልቤ የምናገረው ላይ ነው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እርግብግቢቷ ጎድጉዳ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ቀና ያለች መሰለኝ። ከንፈሯ ላይ የነበረው ንጣት ወደ ቀይ ዞረ። አንድ ጊዜ ጣቷ ተንቀሳቀሰ፤ ማንም አላየውም፣ እኔ አየሁ። የኔታ ነፍስ የሚሏት ነገር ምን እንደሆነች አላውቅም፣ በመጽሐፌም አልነበረችም። ያን ዕለት ግን ስትመለስ በዓይኔ ተከተልኳት። አንዴ ጣት ላይ፣ አንዴ ከንፈር ላይ ብቅ ትላለች፤ ደጁን ለቅቀውላት እንደሆነ እያየች የምትገባ እንግዳ ትመስል ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ማንኪያውን በድዷ ያዘችው። እናትየዋ ልታወጣው ስትስብ አልለቅም አለች። ሲወሰድባት ተናደደችና አለቀሰች፤ ከግራ ዓይኗ አንዲት ዘለላ ወርዳ ጆሮዋ ሥር ገባች። እንባ። እናትየዋ አላስተዋለችም። ብዙ እናት ልጇ ስታለቅስ ይከፋታል። እኔ ግን ዘልዬ መጮህ ነበር የቀረኝ። የኔታን አየኋቸው፤ እሳቸውም እንባዋን አይተዋል፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ሕፃኗ ደክሟት ስትወራጭ የኔታ እናትየዋን «ለእኔ ስጪኝ፣ እጅሽ ዝሏል» ብለው ተቀበሏትና ጋቢያቸው ላይ አስቀመጧት። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ይመስለኛል። ዝናቡ አባርቶ በበሩ ትንሽ ቢጫ ብርሃን ገብታ ነበር። የኔታ ድንገት ዳዊታቸውን አቋረጡ። ቁልቁል ጋቢያቸውን አዩ። በዚያ ነጭ ጋቢ ላይ፣ በመካከሉ፣ ሙቅ ርጥበት ቀስ እያለ ሲሰፋ ሁላችንም አየነው።

ከዚያ አያትየዋ ተነሥተው እልል አሉ። እናትየዋ ቀጠለች። ከታች ቤት ተቀበሉ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ካለው ቤት። በሽንት እልል ሲባል በዚያ አገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የኔታ የረጠበ ጋቢያቸውን ሳይነኩ፣ ልጅቷን ከፍ አድርገው ይዘው፣ «አንቺ ልጅ፣ አሁን ተናገሪ» አሉኝ።

ሰባት ሰዓት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነበረኝ። ለአያትየዋ የምለው፣ ለእናትየዋ የምለው፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ፓኬቱ። አፌን ከፈትኩ፤ አንዱም አልመጣም።

«ጠማኝ» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አያትየዋ በራሳቸው እጅ ውሃ ቀድተው፣ ያልፈላ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ደፍተውት፣ እንደገና ሊጥዱ ተነሡ። ያን ጊዜ እንዳሸነፍኩ አወቅሁ። ውሃው እስኪፈላ በጥም ሞትኩልሽ እንጂ።

በማግሥቱ ወንዙ ጎደለና ሕፃኗን ራቤል ወስደን አሳየናት፤ መንገድ ላይ ጡት ትጠባ ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ ሕፃኗ በሸናችበት ዕለት ማታ፣ የኔታ ከዳገቱ አብረውኝ ሲወርዱ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ዝም ማለቴ ለሕፃኗ ምን ጠቀማት?»

«ለሕፃኗስ ምንም» አሉ። «ለእናቷ ነው። ሰው ሲነግሩት አይሰማም፣ ሲያይ ነው የሚሰማ። ላንቺም ትንሽ ሳይጠቅምሽ አልቀረም።»

«እስክትሸና ድረስ ያሉትስ? ያም ሕግ ነው?»

«አርባ ዓመት ሕፃን ሲድንም ሲሞትም አይቻለሁ። ሸንቶ የሞተብኝ ጥቂት ነው። ውሃ ከተረፋት ነፍስ ለመሄድ አትቸኩልም።»

እኔ ይኸንኑ ነገር በሥልጠና፣ በሰንጠረዥ፣ ፈተና ተፈትኜበት ነው የማውቀው። እሳቸው አጥር ሥር ተቀምጠው ደርሰውበታል። ክርክሬ ሁሉ አለቀብኝና ክንዳቸውን ያዝኩ፣ ጭቃው ያዳልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዪ። በሳምንት ውስጥ ዱቄቱ አለቀብኝ። ከሦስት ጎጥ እናቶች ይመጣሉ፤ ምን እንደሆነ አይጠይቁም፣ እኔም አልናገርም፣ አሳያለሁ ብቻ። እጅ ይታጠባሉ፣ ያፈላሉ፣ ያቀዘቅዛሉ፣ ሕፃኑ እስኪሸና አፋቸውን ይዘጋሉ። አባቶች ሳይቀሩ በር ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከወረዳ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ዳገት ላይ ያለችውን እናት «ዱቄቱ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቃት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችበት። ደጋግሞ ቢጠይቃት ደጋግማ። ደብተሩ ላይ «ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ ጽፎ ሄደ። በዚያ ክረምት በዚያ ዳገት ለሕፃን መቃብር አልተቆፈረም፤ እሱን ግን የሚጽፍበት ሰንጠረዥ አልነበረውም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያች «ግንዛቤ የላቸውም» የምኮራባት የለችም።

የኔታ ከሁለት ዓመት በኋላ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ታመሙ። አስጠሩኝ። ተማሪዎቻቸው ውጭ ቆመው ነበር፤ ቤት የነበረውንም ሁሉ አስወጥተው እኔን አስቀሩኝ። ክንዳቸው ቀልሏል። እኔም እንደ አቅሜ ውሃ በማንኪያ አጠጣኋቸው፣ ሳልናገር። ጨርሰው ሲተኙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና ያችን፣ ከአጥሩ ሥር በጥቅምት ያስጣልኳቸውን ቅጠል፣ ስሟን ነገሩኝ። አዋቂ የሚያውቀውን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ሊሞት ሲል ነው የሚያወርስ።

«የኔታ፣ ያን ሁሉ የሚወዷቸው ተማሪዎች እያሉ ለምን ለእኔ?» አልኳቸው።

«እነሱ ዝም ማለትን ስለተወለዱበት ነው የሚችሉት» አሉ። «አንቺ ግን ተምረሽው ነው።»

በነጋታው አረፉ። ያ ጋቢ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ቅጠሏ እዚህ ከተማ ዳርም ትበቅላለች። አንዳንድ ጊዜ ወደ ሥራ ስሄድ በማለዳ አያታለሁ፤ ያኔ ሰላም የሚለኝን ሰው በአንገቴ ብቻ አልፈዋለሁ። ታምኚበታለሽ ወይ ብትዪኝ አላውቅም። ቆርጬያት አላውቅም። ስሟን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባሌም ቢሆን። እኔ፣ በሕልሜ የማወራው።

ስለዚህ ትናንት ያልመለስኩልሽ ንቄሽ አይደለም። ማንኪያውን ስይዝ ምላሴ ራሱ ይታሰራል፤ የተማርኩት እዚያ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ተቀይመሽም ቢሆን፣ ጥግ ይዘሽ፣ ልጅሽ እስኪሸና ድረስ አንዲት ቃል ካፍሽ አልወጣም። ዓይንሽ ከልጁ ላይ አልተነሣም። ጣቱ የተንቀሳቀሰች ጊዜ ከእኔ ቀድመሽ ነው ያየሻት።

የቅጠሏን ስም አሁን አልነግርሽም፤ ለመሞት ገና ነኝ። ጊዜው ሲደርስ ግን አስጠራሻለሁ።